በዐቢይ ጾም የተተከለ ድንኳን

ከድንኳኑ ደጃፍ በስተቀኝ ቄስ አዱኛ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ከእሳቸው ቀጥሎ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ የመንደሩ ሽማግሌዎች ተሰልፈዋል። በስተግራ ሴቶቹ ክብ ሠርተዋል፤ አልቃሿ ከመካከላቸው ናት። በቅሎ አከራይቶን ዕቃችንን ያወጣልን ሞላ ከሁሉም ርቆ፣ ከአንድ የአስታ ዛፍ ሥር፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨብጦ ቆሟል። ጓደኛዬ ይታይሽ የድንኳኑን ምሰሶ አቅፋ ቆማለች። ልጄ ይበልጣል ከሁሉም መሀል ነው፤ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ደግፈውታል። እኔ ደግሞ ከሰዉ ሁሉ ኋላ፣ ውሃ የሞላ ጀሪካን ይዤ ቆሜያለሁ።

የሚለቀሰው ለእኔ ነበር።

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መንገዱ አማን በነበረበት ጊዜ ነው። እንዴት እንደሆነ ከሥሩ ጀምሬ ልንገራችሁ።

ያን ጊዜ ከሥራዬ በጡረታ ከተገለልኩ ቆይቻለሁ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ በታይፒስትነት ነበር የሠራሁት። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ የምኖረው ብቻዬን ነው። ሰዎች «ብቻዋን» የሚለውን ቃል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይሉታል፤ እኔ ግን ተመችቶኝ ነበር የምኖረው። ግቢዬ ውስጥ ጌሾና ብርቱካን አለ፣ ጎረቤቶቼ ደጎች ናቸው፣ ጠዋት በረንዳዬ ላይ ፀሐይ ይገባል። ከዚህ የበለጠ የምፈልገው ነገር አልነበረኝም።

በክረምቱ ግን ግቢዬ ውስጥ ጭቃ አዳለጠኝና ወድቄ የእጄ አንጓ ተሰበረ። ይበልጣል የሚኖረው ባሕር ዳር ነው። እንደሰማ መጣና አስታመመኝ፤ ከዚያም ክፍል አዘጋጅቶልኝ ቀለም እንዳስቀባ፣ የፍኖተ ሰላሙን ቤት የሚከራይ ሰው እንዳገኘ ነገረኝ። እኔም «እናያለን» አልኩት። «እናያለን» በእኛ አገር እሺም አይደለም፣ እምቢም አይደለም፤ ጊዜ መግዣ ነው። በዚህች ቃል መስቀልን ተሻገርኩባት፣ ገናንም ደረስኩባት።

ለገና ሲመጣ ነገሩን እንደገና አነሣው። ይታይሽ አብራን ተቀምጣ ነበር። ይታይሽ የልጅነት ጓደኛዬ ናት፤ በጤና ረዳትነት ስትሠራ የጃቢ ጠህናንን ገጠር በእግሯ አዳርሳዋለች፤ አፏ ደግሞ ከእግሯ ይፈጥናል።

«እማ፣ እርስዎ እኮ ገበያ ደርሰው ሲመለሱ እንኳ ይደክምዎታል» አለኝ ልጄ።

«ገበያውን ተወው፣ ተራራ ትወጣለች» አለች ይታይሽ።

ይበልጣል ሳቀ። ልጁ፣ ማለቴ የልጅ ልጄ፣ ከጓደኞቿ ጋር ተራራ ወጥታ ድንኳን ውስጥ አድራ ፎቶ ልካለት ነበርና ስልኩን አውጥቶ አሳየን። ይታይሽ መነጽሯን አድርጋ አየችና እኛ በልጅነታችን እንጨት ተሸክመን የምንወጣውን ዳገት እነዚህ ባዶ እጃቸውን ወጥተው ይፎክራሉ አለች። ከአንዱ ቃል አንዱ እየተወለደ፣ በመጨረሻ ልጄ እየሳቀ እንዲህ አለ፦

«እሺ። ተራራ ወጥተው፣ አድረው፣ በእግርዎ ከወረዱ ስለ ባሕር ዳር ዳግመኛ አፌን አልከፍትም። ካልሆነ ግን ከፋሲካ በፊት መጥቼ ዕቃዎን እጭናለሁ።»

«እሺ» አልኩት።  እሱ ቀልድ መስሎት ነበር።

ተራራው ከፈረስ ቤት በላይ ያለው እንዲሆን ይታይሽ ወሰነች፤ ወደዚያ በሥራ ስትመላለስ ታውቀዋለች። የቀረን ድንኳን ነበር። ይታይሽ የሴቶች እድራችን ንብረት ክፍል ናት፤ የመጋዘኑ ቁልፍ ከአንገቷ አይወርድም። እድሩ ሁለት ድንኳን አለው፤ ትልቁ ለለቅሶ ተቀማጭ ነው፣ ትንሹ ነጭ ሸራ ደግሞ ወጥ ለሚሠሩት ጥላ ይሆናል። ጥር ላይ ልንሄድ አስበን ነበር፤ ጥር ላይ ግን ሁለቱም ድንኳኖች ከሠርግ ወደ ሠርግ ሲዞሩ ከረሙ። ስለዚህ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ጠበቅን።

«በጾም ሠርግ የለም፤ ድንኳኑ ሥራ ፈት ነው» አለች ይታይሽ።

ይህን ስትል የእድሩ ሴቶች ሁሉ ተሰብስበን ነበር። አንዳችንም፣ እኔም ጭምር፣ በጾም ሠርግ ከሌለ ድንኳን ያየ ሰው ምን ያስባል ብለን አልጠየቅንም። ስንቅ አዋጡልን፣ አንዷ ጅብ ይበላችኋል ብላ አሳቀችን፣ መርቀው ሸኙን።

ፈረስ ቤት በሚኒባስ ደረስን። እዚያ ሼህ እንድሪስ ሱቅ አላቸው፤ ፍኖተ ሰላም ሳሉ ጎረቤታችን ነበሩ። ሁለት አሮጊቶች ዳገት ልንወጣ መሆኑን ሲሰሙ ምነው ቤታችሁ ተቀምጣችሁ ብትጾሙ አሉን። ሐሳባችን እንደማይለወጥ ሲያዩ ለጾማችሁ ብለው ተምር ቋጠሩልን፤ እኔም ምናልባት አንድ ነገር ብንሆን ብዬ የይበልጣልን ስልክ ቁጥር ሰጠኋቸው። ሞላን ያገናኙንም እሳቸው ናቸው። ሞላ ጎልማሳ ገበሬ ነው፤ ሃያ ቃል ስትነግረው በአንድ ይመልሳል።

የድንኳኑ ምሰሶዎች ረጃጅም ስለሆኑ እንደ ሌላ ጭነት ግራና ቀኝ አልንጠለጠል አሉ። ሞላ ምሰሶዎቹን በሸራው ጠቅልሎ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች አሰራቸውና በበቅሎዋ ጀርባ ላይ በቁመት አጋደማቸው። የመጋቢት ካፊያ ስለነበረ ይታይሽ ሸራው እንዳይርስ ነጭ ጋቢዋን አለበሰችው። ሞላ በቅሎዋን እየሳበ ከፊት፣ እኛ ነጠላችንን ለብርዱ ተከናንበን ከኋላ ጉዞ ጀመርን።

ዛሬ ሳስበው ያ መንገድ ራሱ ሊነግረን ይገባ ነበር። የሚያርሱ ሰዎች ሲያዩን በሬዎቻቸውን አቁመው ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። ሴቶች ከአጥራቸው ብቅ ብለው እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ ያደርጋሉ። አንዲት ሴት ልጇን አዝላ ጥቂት መንገድ አብራን ሄደችና ምንም ሳትናገር ተመለሰች። እኛ ደግሞ ለሁሉም አንገታችንን እየደፋን እጅ እንነሣለን።

«የደጋን ሰው ትሕትና አየሽ?» አለች ይታይሽ። «የእኛ ከተማ ሰው ቢሆን መንገድም አይለቅልን።»

ዳገቱ ከባድ ነበር። ምርኩዝ ይዤያለሁ፣ ጉልበቴ ይንቋቋል፤ ግን አንድ ጊዜም በቅሎ ላይ ልውጣ አላልኩም፤ ሞላም በቅሎዋን ለእረፍት እንኳ አላቆመም። ከሰዓት በኋላ ከጫፉ ያለው ሜዳ ላይ ደረስን። አስታ በየቦታው በቅሏል፤ ጅብራ የሚባለው ሰው የሚያክል የደጋ ተክል ለየብቻው እንደ ዘብ ቆሟል። ወደ ታች ስንመለከት የመጣንበት አገር በሙሉ ተዘርግቷል፤ ይታይሽ በጣቷ ያ ቡሬ ነው፣ ያ ጅጋ ነው፣ ያ ያንቺ ቤት ጣሪያ ነው እያለች ትዋሻለች። እንደዚያ ቀን የሳቅሁበትን ቀን አላስታውስም። ተምሩን በላን፣ በሶ በጠበጥን፣ ድንኳኑ ተተከለ።

ሞላ ሊወርድ ሲል ይታይሽ ለብቻው ጠርታ አስጠነቀቀችው። ሁለት ሴቶች ያለ ወንድ እዚህ መሆናችንን ለማንም እንዳትናገር፣ ሌባም ይሰማል፣ ማንም ቢጠይቅህ ዝም በል አለችው። እሱም በማርያም ብሎ ማለላት። ሞላ ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነው።

የቀረውን ኋላ ላይ ነው የሰማነው። ከታች ያለው መንደር ነጩን ድንኳን አይቶታል። ቀን ሳለ ደግሞ ነጭ ለብሶ በበቅሎ የተጋደመውን ጭነትና ተከናንበው የሚከተሉትን ሁለት ሴቶች አይቷል። ሞላን ከመንገድ ጠብቀው የማን ለቅሶ ነው አሉት። «አልናገርም» አላቸው። ከወዴት ናቸው አሉት። «አልናገርም።»

ከተማ ያደጋችሁ አንባቢዎች ይህን ላታውቁት ትችላላችሁ። በእኛ አገር መርዶ ማንም እንዳገኘ አይናገረውም። ሽማግሌ ተመርጦ፣ ንጋት ተጠብቆ ነው የሚነገረው። ስለዚህ ስለ ሞት ተጠይቆ «አልናገርም» ያለ ሰው ሁሉን ተናግሯል ማለት ነው። ወሬው ሳይመሽ ፈረስ ቤት ገባና ሼህ እንድሪስ ጆሮ ደረሰ። እሳቸውም ሞላን ራሱን አስጠርተው ጠየቁት፤ አልናገርም አላቸው። ሼህ እንድሪስ ቁጭ አሉ። ከሁለታችን የቱ ናት ብለው አሰቡና፣ ወድቃ እጇ የተሰበረው፣ የልጇን ቁጥር የሰጠችኝ ያቺ ናት አሉ። እኔን ለማግኘት ሞከሩ፤ ዳገቱ ላይ ስልክ አይሠራም። በመጨረሻ ወደ ይበልጣል ደወሉ።

«ልጄ፣ እናትህ ትንሽ ደከም ብለዋል። አትደንግጥ። ብቻ በጠዋት ና» አሉት።

በአማርኛ «አትደንግጥ» ከሚለው ቃል የበለጠ የሚያስደነግጥ ነገር መኖሩን እንጃ። ይበልጣል ምን ሆነው ነው ብሎ አልጠየቀም። ገብቶታል።

እኛ ይህ ሁሉ ሳይሰማን ተቃቅፈን አደርን። ብርዱ ከባድ ቢሆንም ይታይሽ ስታወራ ብርድ ይረሳል።

ሲነጋ ለሻይ ውሃ ያስፈልገን ነበር። ምንጩ ከሜዳው ዝቅ ብሎ ነው። ይታይሽ ልሂድ ስትል እኔ ልሂድ አልኳት፤ ጉልበቴ ቁልቁለት እንደሚችልልኝ ቀድሜ ላውቅ ፈልጌ ነበር። ጀሪካኑን ይዤ ወረድኩ። ጎንበስ ብዬ ሞልቼ ቀና ስል ተራራው የለም። ጉም ሁሉን ሸፍኖታል፤ የያዝኩትን ምርኩዝ ጫፍ እንኳ ማየት አቃተኝ።

ዳገት ነው ባልኩት በኩል ተራመድኩ። ጋቢ የለበሰ ሰው ከፊቴ ቆሞ አየሁና «እንደምን አደሩ» አልኩት። አልመለሰልኝም። ጠጋ ስል ጅብራ ነው። ሌላም ሰው አየሁ፤ ሰላም ሳልል አለፍኩት። ጥቂት እንደሄድኩ እግሬ የነካው ድንጋይ ተንከባለለና ድምፁ ጠፋ። ቆሜ አዳመጥኩ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ከሩቅ፣ ከታች፣ ሲያርፍ ሰማሁት። ያን ጊዜ ወደ ኋላዬ ፈቀቅ ብዬ ቁጭ አልኩ።

ይታይሽን ጠራኋት። መጮህ የለመድኩ ሰው አይደለሁም፤ ድምፄ ከእኔ ብዙም ሳይርቅ ጉሙ ውስጥ ቀረ። እሷም ስትጠራኝ እንደነበረ ኋላ ነው ያወቅሁት፤ ድምፅዋ እስኪዘጋ ድረስ ጮኻለች፣ እኔ ግን አልሰማሁም። አባታችን ሆይን ደገምኩ። ከዚያ ተቀምጬ ጠበቅሁ። እውነቱን ለመናገር የፈራሁት ገደሉን ብቻ አልነበረም። ይበልጣል መጥቶ «አላልኩም ነበር?» ሲል ይታየኝ ነበር። ሰዎች በቃሬዛ አውርደውኝ፣ ዕቃዬ ተጭኖ፣ በረንዳዬ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ይታየኛል። ስለዚህ አንድ ነገር ለራሴ ነገርኩት፤ ጉሙ እስኪገለጥ ብዙም ቢቆይ ከተቀመጥኩበት አልነቃነቅም፣ ስነሣ ግን በእግሬ ነው።

ብዙ ቆየሁ። ጉሙ መሳሳት የጀመረው ወደ እኩለ ቀን ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ ከላይ ለቅሶ ሰማሁ።

በአቅራቢያው ባለ መንደር ሰው ሞቷል አልኩ። የለቅሶ ድምፅ ሰምቶ ማለፍ ነውር ነው፤ ለእኔ ደግሞ መንገድ የሚያሳየኝ ሰው ማግኛ ነው። ድምፁን ተከትዬ፣ መሬቱን በምርኩዜ እየነካሁ ወጣሁ። የሰው ጀርባ ታየኝ፤ ብዙ ሰው ነው። ጉሙም ሰዉም ከፊት ያለውን ሁሉ ጋርዶብኛል። ከኋላ የቆመች አንዲት ሴት ተጠጋሁና ማን ነው የሞተው አልኳት።

«የፍኖተ ሰላም ሴት ናቸው ይላሉ፣ እናቴ። እኛም አናውቃቸው» አለችኝ።

ሟቿ የአገሬ ሰው ናት። ነጠላዬን አዘቀዘቅሁ፣ አለቀስኩም። እንባዬ ያለ ግድ ነው የመጣው፤ ከአገሯ ርቃ ዳገት ላይ የሞተች ሴት ታሳዝናለች። አልቃሿ ድምፅዋ ያማረ ነበር፦

ወጣች ወጣች አሉኝ ዳገቱን በእግሯ፤
ሰማይ ቀርቧት ቀረች፣ ራቃት አገሯ።

ቀጥላም የዘጠኝ ጀግኖች እናት ነበረች አለች። የታደለች ሴት ናት አልኩ በልቤ። ከዚያ የወንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ቃሉን ሳልለይ የማን ድምፅ እንደሆነ አወቅሁት።

«እናቴ፣ ብትኖሪልኝ ኖሮ ደስ ባለሽ ቦታ ኑሪ እልሽ ነበር! ከቤትሽ ላስወጣሽ ብዬ ዳገት ላይ ገደልኩሽ!»

ይበልጣል ካደገ ወዲህ «አንቺ» ብሎኝ አያውቅም። ያን ጊዜ ነው ከሰዉ ትከሻ በላይ ቀና ብዬ የእድራችንን ድንኳን ያየሁት፤ በመጀመሪያ የነገርኳችሁን ሰዎች ሁሉ በየቦታቸው ያየሁትም ያን ጊዜ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የመንደሩ ሰዎች በጠዋት እያለቀሱ ወደ ድንኳኑ ሲመጡ ይታይሽ ጉሙ ውስጥ ስትጮህ ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር። ገደል ገባች ብላ እየፈራች ሳለ የሚያለቅስ ሕዝብ መጣባት። አንዱ ሽማግሌ «አስከሬኑ የታል?» ሲሉ፣ መሞቷን ሰምተዋል ማለት ነው ብላ ወደቀች። ሰዎቹ ደግሞ የእሷን ሐዘን ባዩ ጊዜ የነበራቸው ጥርጣሬ ሁሉ ጠፋ። በለቅሶ ላይ ጥያቄ አይበዛም። እሷ ከእነሱ ሰማሁ ብላ አለቀሰች፣ እነሱ ከእሷ ሰማን ብለው አለቀሱ። በላዩ ላይ ልጄ ደረሰ።

በሰዉ መሀል አለፍኩ። ሰላም የሚለኝም፣ መንገድ የሚለቅልኝም አለ፤ ሌላ ለቀስተኛ መስያቸዋለሁ።

«ይበልጣል» አልኩት። «አለሁ። ጀሪካኑን ተቀበለኝ፤ እጄ ዝሏል።»

ተቀበለኝ። ጀሪካኑን ይዞ ቆሞ ያየኛል። አልቃሿ ሙሾዋን ከመካከል አቋረጠች። ቄስ አዱኛ መስቀላቸውን ከደረታቸው አውጥተው ወደ እኔ ዘረጉ፤ እኔም ቀርቤ ተሳለምኩ፤ መሳለሜን ሲያዩ ነው ሰዎቹ እስትንፋሳቸው የተመለሰው። ይታይሽ እየተንገዳገደች መጥታ በነጠላዋ ጫፍ መታችኝ።

«ውሃ ልትቀጂ ዓባይ ወረድሽ?» አለች በሌለ ድምፅዋ። ከዚያ አቀፈችኝ። ይበልጣልም አቀፈኝ። ስለዚህ ነገር ብዙ አልጽፍም።

ነገሩ ከሥር ከሥሩ ሲጣራ ሁሉም ወደ ሞላ ዞሩ። ሞላ ባርኔጣውን አጠለቀ።

«አትናገር ተባልኩ፤ አልተናገርኩም» አለ።

አቶ ፈንቴ የሚባሉ ሽማግሌ፣ አስከሬኑ የታል ብለው ይታይሽን የጣሏት ማለት ነው፣ ቀድመው ሳቁ። ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ከዚያ በፊት ይቆጡናል ብዬ ፈርቼ ነበር።

«እትዬ፣ እንባችንን እንግዲህ አንጠይቅዎትም» አሉኝ። «ግን በእውነት ሲሞቱ እንዳይጠብቁን። እኛ ከፍለናል።»

አልቃሿ የዘጠኙን ጀግኖች ነገር ሳነሣባት ሳታፍር፣ አንድ ልጅ ለሙሾ አይመችም አለችኝ። ሴቶቹ ለለቅሶው ያመጡትን ንፍሮ ከየአገልግሉ አወጡ፤ የመጣ ሰው ሳይቀምስ አይመለስም ተብሎ ሜዳው ላይ ተቀመጥን። የራሴን ንፍሮ በላሁ። ጥሩ ተቀቅሏል።

ችግሩ የመጣው ከንፍሮው በኋላ ነው። የፈራ ሰው ፍርሃቱ ሲለቀው ይቆጣል። ይበልጣል ፊቱን ታጠበ፣ ተነሣና ፈረስ መኖሩን፣ መኪናው ፈረስ ቤት እንደቆመ ነገረኝ።

«በፈረሱ ይውረዱና በቀጥታ ባሕር ዳር እንሄዳለን። ዕቃዎን እኔ መጥቼ እጭናለሁ» አለኝ።

«ውላችሁስ?» አለች ይታይሽ በሹክሹክታ።

«የምን ውል? ለጥቂት ገደል ገብተው ነበር እኮ!»

 «እናያለን» የምትለዋ ቃል አፌ ላይ መጥታለች። ያን ጊዜ አቶ ፈንቴ ንፍሯቸውን እያኘኩ ገቡበት።

«አንተ ልጅ፣ ቅድም ብትኖሪልኝ ደስ ባለሽ ቦታ ኑሪ እልሽ ነበር ብለህ አላለቀስክም? ሁላችን ሰምተናል።»

«እሱማ ለሟች የተባለ ነው፣ አባቴ» አለ ልጄ።

«ሟችም ሰምታለች» አሉ አቶ ፈንቴ።

ሰዉ ሳቀ፤ ይበልጣል ግን አልሳቀም። ቄስ አዱኛ እጃቸውን አንሥተው ሳቁን አበረዱትና፣ ሁላችንም ስንናገር የነገሩ ባለቤት እስካሁን አንድ ቃል አልተናገሩም፣ እሳቸው ምን ይላሉ አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ቅድም ያለቀሱልኝ ሰዎች ናቸውና ማፈር አልሆነልኝም።

«ቤቴ መኖር እፈልጋለሁ» አልኩት። «ከወደቅሁ እጠራሃለሁ። ሳልወድቅም እጠራሃለሁ። ዕቃዬን ግን አትጫንብኝ።»

ይበልጣል አጠገቤ ቁጭ አለ።

«ይህን ለምን እስካሁን አልነገሩኝም?» አለኝ።

 ንፍሮ ዘግኜ እጁ ላይ አደረግሁለት።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አንድ ነገር ልበላችሁ። ሰው ከሞተ በኋላ የሚባልለትን ለመስማት የታደለ ጥቂት ነው፤ እኔ ሰማሁ፤ ከሰማሁት ይልቅ ግን የጠቀመኝ የተናገርኩት ነው። የምፈልገውን ነገር በውርርድና በዝምታ ለማግኘት ስል ገደል አፋፍ ደርሻለሁ። ልጄ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ስላልነገርኩት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ «እናያለን» ማለት ትቻለሁ። የምወደውን እወዳለሁ፣ የማልፈልገውን አልፈልግም እላለሁ፤ መጀመሪያ ሰዎች ይደነግጣሉ፣ ኋላ ይለምዱታል። ይህንንም የምጽፈው እዚያው በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ነው። ይበልጣል በየወሩ ይመጣል፤ የግቢዬን ጭቃ ድንጋይ አንጥፎልኛል። እድራችን ቢጫ ድንኳን ገዝቷል፤ ሴቶቹ በየዓመቱ አንድ ዳገት እንወጣለን፣ ከመትከላችን በፊት ግን ለደብሩ ቄስ እንነግራለን።

ያን ዕለት ግን ይህ ሁሉ ገና አልመጣም። ሞላ ድንኳኑን ነቅሎ ጫነ፤ ይታይሽ ጋቢውን እንዳያለብሰው ከለከለችው። ይበልጣል ፈረሱን አቅርቦ እርካቡን ያዘልኝ።

«ቤትዎ ይሁን፣ እማ። ቃሌ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። «ፈረሱ ላይ ግን ይውጡ። ጉልበትዎ አብጧል።»

«አይቼዋለሁ» አልኩት።

ምርኩዜን አነሣሁ። ለለቅሶዬ የመጡትን ሰዎች አንድ በአንድ ተሰናበትኩና፣ በፈረሱ አጠገብ አልፌ፣ ቁልቁለቱን በእግሬ ጀመርኩ።